ሙሴ ኢልግና ወደ ባሕር የወረደው ሐዲድ

ባለፈው ወር በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮና ስለ እንቁጣጣሽ ዝግጅት ተነጋግረን ካበቃን በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ሻይ ይዘን፣ የመጨረሻው የምድር ውስጥ ባቡር እንዳያመልጠን ሰዓታችንን እያየን ሳለ፣ አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወንድማችን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የከተማው ባቡር ካርታ ፊት ቆሞ ቀረ። ይህ ወንድማችን የወሎ ልጅ ነው። ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ ከመንደሩ ልጆች ጋር ተነሥቶ በሎጊያ በኩል የአፋርን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ኦቦክ ደርሷል፤ ከኦቦክ በሌሊት በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሯል፤ የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን አልፎ ጂዛን ገብቷል። በሰብያ አካባቢ ፍየል ጠብቋል፣ በአቡ ዐሪሽ እርሻ ውሃ አጠጥቷል፤ በመጨረሻም ተይዞ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ትምህርቱን ከተወበት ቀጥሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር። በዚህ ከተማ አንድ ሰው በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም የተለየውን መስመር እየመረጠ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ዝናብ ሳይነካው ይሄዳል። እነሱ ግን ከወሎ እስከ ባሕር በእግራቸው ሄደዋል፤ በኮምቦልቻ ሲያልፉም አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር የማይሄድበት አይተዋል። ታዲያ የአገራችን ሐዲድ በየት በኩል እንዲሄድ፣ በየትስ እንዳይሄድ መጀመሪያ የወሰነው ማነው? ከመካከላችን በቅጡ የመለሰለት አልነበረም። አንዱ አጤ ምኒልክ ናቸው አለ፤ ሌላው ፈረንሳዮች ናቸው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሙሴ ኢልግ የሚባል ፈረንጅ ነበር አለና ከዚያ በላይ ሳያውቅ ቀረ። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ሆኖም የሦስተኛው መልስ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቅ በመሆኑ፣ በዚህ እትም የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው በስዊዘርላንድ በቱርጋው አውራጃ፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ፣ መጋቢት 30 ቀን 1854 ነው። እናትና አባቱ በጋብቻ የተሳሰሩ አልነበሩም፤ ይህም በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ለአንድ ልጅ ቀላል ሸክም አልነበረም። መጀመሪያ የእጅ ሥራ ተለማመደ፤ ኋላም ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። ዘመኑ የብረትና የእንፋሎት ዘመን ነበር። ኢልግ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጥር ወር 1863፣ በሎንዶን ከተማ በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ጀምሮ ነበር፤ እንፋሎቱና ጭሱ ዋሻውን እየሞላ መንገደኛውን ቢያስለውም ሰው መሳፈሩን አልተወም። እሱ ፖሊቴክኒክ ሲማር ደግሞ በገዛ አገሩ ተራራ ሥር የጎትሃርድ ዋሻ ይቆፈር ነበር። ይህ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ከ1872 እስከ 1882 አሥር ዓመት የፈጀ፣ የብዙ ሠራተኞችን ሕይወትም የበላ ሥራ ነው። ስለዚህ የወጣቱ ኢልግ ትውልድ የሆነ መሐንዲስ፣ ተራራ ቢገጥመው ይበሳል፣ ገደል ቢገጥመው ድልድይ ይጣልበታል ብሎ የሚያምን ነበር።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ የእጅ ጥበብ የሚያውቅ አውሮፓዊ እንዲላክላቸው በኤደን ይነግድ በነበረ የስዊስ ነጋዴ ቤት በኩል ጠይቀው ነበር። ጥሪው ዙሪክ ደረሰ። ኢልግ ከሁለት የአገሩ ባለሙያዎች ጋር በ1878 ተነሣ፤ ከባሕሩ ጠረፍ እስከ ሸዋ ያለውን በረሃ በግመል ቅፍለት አቋርጦ አንኮበር የገባው በ1879 መጀመሪያ ላይ ነው። አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከስዊዘርላንድ እስከ ቀይ ባሕር ያለው ረጅሙ መንገድ በባቡርና በመርከብ ሲያልቅ፣ ከባሕሩ እስከ አንኮበር ያለው አጭሩ መንገድ ግን ወራት ይበላ ነበር። የዚህ ሰው የኋላ ሥራ ሁሉ ምንጩ ይህ የመጀመሪያ ጉዞ ይመስለናል።

ንጉሡ መጀመሪያ የሰጡት ሥራ ሐዲድም ድልድይም አልነበረም። ጫማ እንዲሰፋላቸው አዘዙት ይባላል። ሰፋ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ እዚህ ከሚሠራ ከውጭ ቢመጣ ይረክሳል፣ ይሻላልም ብሎ ቢከራከርም አልተሰማለትም፤ አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ። ይህን ታሪክ አንዳንዶቻችን ስንሰማ የምንስቀው ፈረንጁ ላይ ነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ንጉሡ ላይ። እኛ ግን በነገሩ ውስጥ ጥሩ ብልሃት ይታየናል። ምኒልክ ሰውየውን በወሬው አልተቀበሉትም፤ በእጁ ፈተኑት። ዛሬ ባለዲግሪ ነኝ ብሎ የሚመጣ የውጭ አገር አማካሪ ሁሉ እንዲህ ያለ የጫማ ፈተና ቢሰጠው ስንቱ ያልፍ ነበር?

ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሥራው በዛ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ቤተ መንግሥት ሲታነጽ ነደፈ፣ ተቆጣጠረ። በ1894 ገደማ ደግሞ ለአዲስ አበባው ግቢ ውሃ በቧንቧ አመጣ። ውሃው ከምንጩ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ሕዝቡ ተደነቀ፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድም ሲል የኖረው ሁሉ ዐይኑን አላመነም። አማርኛ ተምሮ እንደ አገሬው ይናገር ነበር። በቤተ መንግሥት ሙሴ ኢልግ ተባለ፤ ሙሴ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ የፈረንጅ መጥሪያ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ከነቢዩ ጋር ዝምድና የለውም።

ስለ ጠባዩ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በዚያ ዘመን በሐረር ይነግድ የነበረው፣ ኋላ በአገሩ በፈረንሳይ ታላቅ ባለቅኔ ተብሎ ስሙ የገነነው አርተር ሬምቦ፣ ከኢልግ ጋር ብዙ ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ዕዳና ስለ ግመል ኪራይ የሚናገሩ ደረቅ የንግድ ወረቀቶች ናቸው። በአንደኛው ላይ ሬምቦ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ኢልግን ለመነ። ኢልግ በቅሎውን ይፈልግለት ዘንድ ቢስማማም ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና ወደፊትም እንደማይገዛ ገልጾ እምቢ አለው። የባሪያ ንግድ እንደ ጨው ንግድ በሚታይበት አገርና ዘመን ይህን ማለቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰውየውን መልአክ አናድርገው፤ መሣሪያ በማስመጣቱ ንግድ ውስጥ እጁ ነበረበት፣ ወደፊት እንደምናየውም በሐዲዱ ላይ የራሱ ጥቅም ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሸዋ ንጉሥ በመካከል አገር ተዘግተው ይኖሩ ነበር። መሣሪያውም፣ ጨርቁም፣ የሚሸጠው ቡናና የዝሆን ጥርስም በበረሃው በግመል ያልፋል፤ መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ጠረፉንም አንድ ጊዜ ግብፅ፣ ሌላ ጊዜ እንግሊዝ፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ ይዘውታል። በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ የምሥራቁ በር ግማሹ ተከፈተ። በ1888 ፈረንሳዮች ጂቡቲን ቆረቆሩ፤ ይህም ሌላውን ግማሽ ከፈተ። ኢልግ የባቡርን ነገር ለንጉሡ ደጋግሞ ያነሣ ነበር፤ ትንሽ የባቡር ሞዴል ሠርቶ በፊታቸው አሳየ ይባላል። የጫማውን ፈተና የሰጡት ንጉሥ በሞዴሉ ላይ ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም ወረቀቱ የተፈረመው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑም አምስት ዓመት ሲሞላቸው ነው።

መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ የ99 ዓመት ነበር። ወንድማችን የጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ በወረቀቱ ሦስት መስመሮች ተጽፈዋልና። አንደኛው ከጂቡቲ እስከ ሐረር፤ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፤ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ከዚህም ሌላ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ሆነ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ተፎካካሪ መስመር ለሌላ ኩባንያ እንዳይፈቀድ ተወስኗል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎና ወደ ትግሬ የሚሄድ መስመር በወረቀቱ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሰሜን ያለው ጠረፍ፣ ምጽዋም ዐሰብም፣ በጣሊያን እጅ ነበር፤ ዐድዋም ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ በወሎ በኩል አለመሄዱ የመሐንዲሱ ስንፍና ወይም የንጉሡ ጥላቻ አልነበረም፤ ባሕሩን የያዘው ጠላት ነው። ይህን ስንነግረው ወንድማችን ራሱን ነቀነቀ፤ ይሁን እንጂ ጣሊያን ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው ብሎ መጠየቁ አልቀረም።

ኩባንያው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያ ተብሎ ተቋቋመ፤ ከኢልግ ጋር ዋናው መሥራች ሌዎን ሸፍኔ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ስሙ ንጉሠ ነገሥታዊ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የፓሪስ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ሐዲዱ በያዘው ጠረፍ እንዲያልፍ በ1896 ፈቀደ፤ ሥራው በጥቅምት 1897 በጂቡቲ ተጀመረ።

ስለ ሥራው አስቸጋሪነት የማያውቅ ሰው ሐዲድ መዘርጋት ብረት ማስቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። ከጂቡቲ ወጣ ሲባል ወዲያው ድንጋይና ገደል ነው፤ በሆልሆል ሸለቆ ላይ ከፍ ያለ የብረት ድልድይ ተጣለ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካላገኘ አይሄድም፤ አገሩ ደግሞ ለግመል እንኳን ውሃ የሚቸግርበት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የተቆረቆሩት ሰው ባለበት ሳይሆን ውሃ በተገኘበት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ጠባብ ሐዲድ በጠመዝማዛ መንገድ ይቀላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። አግዳሚዎቹም ከብረት ተሠሩ፤ እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰዋል። የኢሳ ጎሣዎች ደግሞ አገራቸውን ሳያስፈቅዳቸው የሚሰነጥቀውን ሥራ ደጋግመው አጠቁ፤ ከሠራተኞቹም የሞቱ ነበሩ። የግመል ኪራያቸውንና የመንገድ ግብራቸውን የሚያሳጣቸውን ነገር በደስታ ይቀበሉ ዘንድ ማን ይጠብቃል?

ሠራተኛው ከየአገሩ ነበር። መሪዎቹና ግንበኞቹ አውሮፓውያን፤ ድንጋዩን የሚፈልጠውና ብረቱን የሚሸከመው ሶማሌ፣ የአገራችን ሰውና ዐረብ። ዐረቦቹ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመን በኩል የተሻገሩ ነበሩ፤ ኋላም ብዙዎች በድሬዳዋ ቀርተው ወልደው ከብደዋል። ከመቶ ዓመት በፊት እንጀራ ፍለጋ የሚሻገረው ሰው ከዚያ ወደዚህ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከኦቦክ ተነሥቶ በየመን በኩል ወደ ጂዛን፣ ወደ ሳምጣና ወደ አድ-ዳይር ተራሮች የሚወጣው ወጣት የሚሻገረው ያንኑ ውሃ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። በዚያ መንገድ ላይ ስላለቁት ወገኖቻችን በሌላ እትም እንጽፋለን፤ ለአንድ ዐረፍተ ነገር የሚበቃ ነገር አይደለም።

ሐዲዱ በ1900 የኢትዮጵያ ድንበር ላይ ደወሌ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፓሪስ የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡሯን ከፈተች። የአንድ ከተማ ሀብታሞች ገንዘባቸውን በአንድ በኩል ከገዛ መንገዳቸው ሥር፣ በሌላ በኩል ከኢሳ በረሃ ላይ ይዘረጉት ነበር፤ ከሁለቱም ትርፍ ይጠብቁ ነበር። ልዩነቱ፣ የፓሪሱ በየጥቂት መቶ ሜትሩ መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ ነበረው፤ የበረሃው ግን እስከ መጨረሻው ካልደረሰ በቀር የሚከፍል ሰው አልነበረውም። እስከ መጨረሻው እንዲደርስ ደግሞ ገንዘብ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ሐረር አንድ ነገር እናንሣ። በፈቃዱ ላይ ሐረር በግልጽ ተጽፋለች፤ ሐዲዱ ግን ሐረር አልደረሰም። የሐረር ተራራ ቀጥ ያለ ነው፤ ያንን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ኩባንያው ያልነበረው ነው። በጎትሃርድ ዘመን የተማረው መሐንዲስ ተራራውን መብሳት ሳይሆን መዞር መረጠ፤ ወይም ኪሱ ባዶ የሆነ ኩባንያ አስመረጠው። በታኅሣሥ ወር 1902 ሐዲዱ ከጂቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በቆመበት ቦታ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ። ለብዙ ዘመን በንግድ የኖረችው የግንብ ከተማ ሐረር ወደ ዳር ስትገፋ፣ ከዚያ በፊት ባዶ የነበረ አሸዋ የባቡር ሠራተኛ፣ የነጋዴና የዘመናዊ ሕይወት ከተማ ሆነ። አንድ የምሕንድስና ሒሳብ የሁለት ከተሞችን ዕድል እንዲህ ለወጠ። ባቡር የሚቆምበትን ቦታ የሚወስን ሰው ከተማ ይሠራል፣ ከተማም ይገድላል፤ ይህን የድሬዳዋ ልጆች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ እንናገር፤ ሙሉውን ብንተርከው አንባቢን ያሰለቻል። የኩባንያው ካዝና ሲራቆት የእንግሊዝ ባለገንዘቦች እየገቡ አክሲዮን ገዙ። ፈረንሳይ መስመሩ ወደ እንግሊዝ እጅ እንዳይገባ ፈርታ በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ውል ተዋዋለች፤ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ልትሰጥ፣ በምትኩ ሥልጣን ልታገኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሩ ባለቤት አልተጠየቁም። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለኢልግ እንጂ ለፈረንሳይ መንግሥት አልነበረም፤ የንግድ መንገድ የፈቀዱ መስሏቸው ለባዕድ መንግሥት በር የከፈቱ መሆናቸውን ሲረዱ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ሸዋ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ከ1902 በኋላ ለዓመታት ብረቱ እዚያው በረሃ አፍ ላይ ቆሞ ቀረ። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ በሦስትዮሽ ሲዋዋሉ የባቡሩንም ነገር ለራሳቸው ተከፋፈሉ። ኩባንያውም ከስሮ ፈረሰ።

በዚህ ሁሉ መካከል ኢልግ የት ነበር? ከ1897 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ክቡርነትዎ እየተባለ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የጎረፉትን የአውሮፓ መልክተኞች የሚቀበል፣ ውሉን የሚያነብ፣ ተንኮሉን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያስረዳ እሱ ነበር። በ1897 የእንግሊዙ መልክተኛ ሮድ ሲመጣ በድርድሩ ላይ የምኒልክ ቀኝ እጅ ሆኖ ሠርቷል። ከውጫሌ ውል የተገኘው ትምህርት ከፊቱ ነበር፤ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ግዛት የሌላት፣ ጦር መርከብ የሌላት የትንሽ አገር ሰው መሆኑም ለምኒልክ ትልቅ መተማመኛ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው በወረቀት ላይ ያለውን አደጋ በሌሎች ውሎች ላይ ሲያይ በራሱ ኩባንያ ውል ላይ እንዴት ሳያይ ቀረ? በዚህ ጉዳይ የዝግጅት ክፍላችን አባላት አልተስማማንም። ግማሾቻችን ኢልግ ከመጀመሪያው የከበርቴዎች ደላላ ነበር፣ የመሥራችነት ድርሻውን ይዞ በሁለት ቢላዋ ይበላ ነበር እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ አንድ የቱርጋው ልጅ የፓሪስንና የሎንዶንን ባንክ ሊያሸንፍ አይችልም ነበር፣ ባቡሩን ከነጉድለቱ መጀመር ካለመጀመር ይሻላል ብሎ ገባበት እንላለን። የሁላችንም ሐሳብ የሚገናኘው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አማካሪም መሥራችም ሆኖ መቀመጡ ለአገሪቱ ሊመክር በሚገባው ቀን ላይ አፉን አሰረበት። በፈረንሳዮች ዘንድ ለእንግሊዝ አዘነበለ፣ በእንግሊዞች ዘንድ የፈረንሳይ ሰው ነው እየተባለ ከሁለቱም ወገን ተጠላ፤ በቤተ መንግሥትም እንደ ቀድሞው አልተሰማም። ከዙሪክ አምጥቶ በ1895 ካገባት ከባለቤቱ ከፋኒ ጋቲከርና ከልጆቹ ጋር በ1906 ኢትዮጵያን ለቆ ሄደ፤ በ1907 ሥራውን በይፋ ተወ።

ወደ ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ አገር የኖረ ሰው ዙሪክ ሲመለስ ይዞ የሄደው ብዙ ነበር። የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎችና ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በዚያ በኩል የሚያልፉ ጓደኞቻችን ጊዜ ሰጥተው እንዲያዩአቸው እንመክራለን። የተዋቸው ሐዲዶች ግን ያለ እሱ ተንቀሳቀሱ። በ1908 ምኒልክ ሐኪማቸው ለነበረው ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊያን አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ መውጣት ጀመረ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 ዐረፉ። ኢልግ ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ሞተ። ሐዲዱ ያን ጊዜ አቃቂ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሞዴሉን ያሳየውም፣ ሞዴሉን ያዩትም፣ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ፉጨቱን አልሰሙም። ሦስተኛው መስመር፣ የከፋውና የነጭ ዓባዩ፣ ከወረቀት አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሌላ ሰው ታሪክ ስለሆነ እንሮጥበታለን። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ብቻ ስለሚሄድ መንገደኛው ሦስት ቀን ይፈጅበት፣ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። የአዲስ አበባው ትልቅ ጣቢያ በ1929 ተመረቀ፤ ፈረንሳዮቹ ላ ጋር ያሉትን ሕዝቡ ለገሃር ብሎ የሰፈር ስም አደረገው። ግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ፊት ከአገር የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። ጂቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ በ1981 መስመሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ በደረሰው የባቡር አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። አሮጌው ሐዲድ እያረጀ ሄዶ ባቡሩ ከአዲስ አበባ ከቀረ በኋላ፣ በቻይና ብድርና ሥራ የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ የአዲስ አበባ ጣቢያውም ከለገሃር ርቆ ለቡ ላይ ሆነ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2015፣ አዲስ አበባ የከተማ ባቡር ጀመረች፤ አንዱ መስመር ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፤ ሁለቱ በመካከል ከልደታ እስከ ስታዲዮም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፣ ለገሃርም ከሚቆሙባቸው አንዱ ነው። መስመሩ አብዛኛው በመሬት ላይና በድልድይ ላይ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በኩል ግን ለአጭር ርቀት መሬት ውስጥ ይገባል። ለዚህ ቁፋሮ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2013 ተነሥቶ በ2016 ወደ ቦታው ተመልሷል። ወንድማችን በግድግዳው ላይ ባየው ካርታ ሚዛን ቢሳል ከአንድ ጥፍር አይበልጥም፤ ቢሆንም የአገራችን የምድር ውስጥ ባቡር ያ ነው፤ ኢልግን በጫማ የፈተኑት ንጉሥም በፈረስ ላይ ሆነው ከበላዩ ቆመዋል።

የቀረው የወሎው ሐዲድ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ሥራ በ2015 በቱርክ ኩባንያ ተጀመረ። ካበደሩት መካከል አንድ ትልቅ የስዊስ ባንክ መኖሩን ስናነብ ኢልግን አስታወስን። ሐዲዱ በብዙ ቦታ ተዘርግቶ ባቡር ሳይሄድበት ጦርነቱ በ2021 ወሎ ደረሰ፤ ብዙ ንብረትም ተዘረፈ፣ ተበላሸ። ወንድማችንና ጓደኞቹ ያዩት ይህንኑ ሐዲድ ነው፤ ሲያልፉበት ገና አዲስ ነበር፣ ብረቱም ያብረቀርቅ ነበር።

ጽሑፉን ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት አነበብንለት። ስለ ምኒልክም ስለ ኩባንያውም የጨመረው ነገር የለም። ኢልግ ከባሕር እስከ አንኮበር ወራት ፈጀበት የሚለው ላይ ስንደርስ ግን አስቆመን፤ እነሱ ከወሎ ጂዛን ለመድረስ የፈጀባቸው አራት ወር ከአሥር ቀን መሆኑን እንድንጽፍ ጠየቀን። ጽፈናል።